በጎንደር የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል፦ አገልግሎቱ ከወላጅ ወገን ሲታይ

ይህ አስተያየት በጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ስላገኘነው አገልግሎት የተጻፈ ነው። ሴት ልጃችን በ31ኛው የእርግዝና ሳምንት 1,400 ግራም ሆና ተወልዳ በዚህ ክፍል ታክማ ወጥታለች። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ስላለኝ የሆስፒታሉን ስም ትቼዋለሁ፤ የምጽፈው ሳያስቡት እዚህ ክፍል በር ላይ ለሚደርሱ ወላጆችና አገልግሎቱን ለሚመሩ ሰዎች ነው። ፍርዴን ከመነሻው ለመናገር፣ ክፍሉን ጠንካራ ሆኖ ያገኘሁት እናትና አባትን የሕክምናው ተካፋይ ባደረገበት ቦታ ሁሉ ሲሆን፣ ደካማ ሆኖ ያገኘሁት ደግሞ ወላጅን ከበር ውጭ ባቆመበት ቦታ ሁሉ ነው።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ልጃችን ከመወለዷ በፊት ለተሠራው ሥራ ነው። ባለቤቴ ያለ ጊዜው ምጥ ይዟት ማዋለጃ ክፍል ስትገባ፣ ተረኛው ሐኪም እንደመረመራት ወዲያውኑ ዴክሳሜታዞን የተባለውን መርፌ አዘዘላት። ይህ መድኃኒት ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው የእርግዝና ጊዜ ውስጥ ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጥ ሲሆን፣ 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ይወጋል፤ የሚወጋው እናትን ቢሆንም የሚያጎለብተው የልጁን ሳንባ ነው። አዋላጅ ነርሷ መርፌው የተሰጠበትን ሰዓት በካርዱ ላይ ከጻፈች በኋላ ቀጣዩ የሚሰጥበትን ሰዓት ለእኔም ነገረችኝ። ከደንቢያ፣ ከጭልጋ ወይም ከወገራ ወደ ከተማ ለሚላኩ እናቶች ይህ ጉዳይ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ምጥ ያለ ጊዜው ሲጀምር ልጁ እስኪወለድ ሳይጠበቅ፣ በማሕፀን እንዳለ ጽኑ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ማድረስ ከተወለደ በኋላ በመኪና ከማንገላታት እጅግ ይሻላል።

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ሁሉ ቀኑ ሳይሞላ እንደተወለደ ይቆጠራል። ነገር ግን የ36 ሳምንት ልጅና የ28 ሳምንት ልጅ አንድ አይደሉም፤ የሚያስፈልጋቸው ሕክምናም የሚቆዩበት ጊዜም በጣም ይለያያል። ሊጠይቁን የመጡ አንዲት ትልቅ ዘመዳችን፣ ባለቤቴን «እታለም፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የማያድገው የስምንት ወሩ ነው» ብለው አጽናንተዋት ነበር። ንግግሩ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ሐኪሞቹ ያስረዱን ግን ሌላ ነው፤ በማሕፀን የምትጨመር እያንዳንዷ ሳምንት ለሳንባውም፣ ለአንጎሉም፣ ለአንጀቱም ጥቅም አላት፤ ስለዚህ የስምንት ወር ልጅ ከሰባት ወሩ የተሻለ የመትረፍ ዕድል አለው። ይህን ማወቅ እርጉዝ ሴት ስምንተኛ ወሯ ላይ ምጥ ሲጀምራት ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ እንዳይዘገይ ይረዳል።

ልጃችን እንደተወለደች ተጠራርጋ፣ ኮፍያ ተደርጎላት፣ ሙቀት ከላይ በሚለቅ አልጋ ላይ ተኛች። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ የሆነች ከተማ በመሆኗ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከቆዳዋ ሥር ገና ስብ ያልተጠራቀመላት ሕፃን ደግሞ የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም። ነርሶቹ የሰውነቷ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መካከል እንዲሆን ይከታተሉ ነበር። ከ36.5 ሲወርድ ሕፃኗ ለመተንፈስና ለማደግ የሚያስፈልጋትን ኃይል በመሞቅ ላይ ትጨርሳለች። በዚህ በኩል ክፍሉ ጥንቃቄ አልጎደለውም፤ መስኮቶቹ ይዘጋሉ፣ ልብስ ሲቀየር ሙቀቱ እንዳይወጣ ይጠነቀቃሉ፣ ሚዛኑ ላይ ሳይቀር ጨርቅ ይነጠፋል።

ትንፋሿ ግን ገና ከመጀመሪያው ሰዓት አስቸጋሪ ነበር። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቶቿ መሐል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሲወጣም የማቃሰት ድምፅ ያሰማል። ስለዚህ ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ ተደረገላት። በአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ገብተው ኦክስጅን የተቀላቀለበት አየር በግፊት ይገባል፤ የትንፋሹ መውጫ ቱቦ ደግሞ ጫፉ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል። ጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱም በዚያው መጠን ይሆናል፤ ያ ግፊት ደካማዎቹ የሳንባ ከረጢቶች በየትንፋሹ መጨረሻ እንዳይጣበቁ ይደግፋቸዋል። ውኃው እንደ ጀበና ቡና ይንፈቀፈቃል። ተረኛዋ ነርስ «ውኃው መንፈቅፈቁን ካቆመ የሆነ ቦታ አየር እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጥሩን» ብላ ለባለቤቴ አስረዳቻት። አንዲት ነርስ ብዙ ሕፃናትን በምትከታተልበት ክፍል ውስጥ፣ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር እናትን ከተመልካችነት ወደ ጠባቂነት አሸጋግሯታል። ኦክስጅኑም ዝም ብሎ አልተለቀቀላትም፤ በእግሯ ላይ የታሰረው መለኪያ ከ90 እስከ 95 በመቶ መካከል እንዲያነብ ይስተካከል ነበር፤ ምክንያቱም ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን ያልበሰለውን የዐይን ብሌን ጀርባ ይጎዳል።

ትንፋሽ ላይ ያን ያህል መጠንቀቃቸው ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ጎንደርን ጨምሮ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ቀናቸው ሳይሞላ በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተካሄደውና በፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄ የተመራው ጥናት፣ ከሞቱት ሕፃናት መካከል 45 በመቶ ለሚሆኑት ዋናው ምክንያት በሳንባ አለመብሰል የሚመጣው የመተንፈስ ችግር እንደነበር፣ 30 በመቶ የሚሆኑትን ደግሞ ኢንፌክሽን እንደገደላቸው አሳይቷል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያወቀ ወላጅ፣ ነርሶቹ ስለ ትንፋሽና ስለ እጅ መታጠብ ደጋግመው የሚናገሩት ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ ወቀሳው ልምጣ። ልጃችን ክፍሉ ከገባች በኋላ ባለቤቴ በማዋለጃው ሕንፃ ተኝታ ስለነበር፣ ወሬ የሚጠብቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ አባት እንደማይገባ ነገረኝ፤ በመስኮት በኩል የመድኃኒት ማዘዣና የደም ናሙና ይሰጠኛል፤ እኔም እሮጣለሁ። ማዘዣው የምን እንደሆነ፣ ናሙናው ለምን እንደተወሰደ፣ ልጄ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች የሚነግረኝ አልነበረም። ሐኪሞቹ ሥራ ላይ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ሕይወት እያዳኑ ቆመው እንዲያወሩኝም አልጠበቅሁም። ነገር ግን በጠዋትና በማታ ተራ መለዋወጫ ሰዓት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶ «ትንፋሿ እንዲህ ነው፣ እየወሰደች ያለችው ይህን ነው፣ የምንፈራው ይህን ነው» ቢባል፣ በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ የሚያድር አባት ስንት ነገር ይቀልለት ነበር! መረጃ ያጣ ሰው ክፉውን ሁሉ ያስባል፤ አንዳንዱም በዚህ ጭንቀት ልጁን አስወጥቶ ይዞ ለመሄድ ይጠይቃል። አንድ አባት እንዲህ ሲከራከር በዐይኔ አይቻለሁ፤ የተመለሰውም አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ሲስተር ጋውን አልብሰው አስገብተው ልጁን ስላሳዩት ነው። እኔም በመጨረሻ የገባሁት በእርሳቸው ፈቃድ ነው።

ስለ ጡት ወተት የተሠራውን ሥራ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። ከ34 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማቀናጀት አብዛኛውን ጊዜ አይችልም፤ ስለዚህ ወተቱ በአፍንጫ ወይም በአፍ በኩል እስከ ጨጓራ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይሰጣል። ባለቤቴ ገና ከአልጋዋ ሳትነሣ አንዲት ነርስ ንጹሕ ኩባያ ይዛ መጥታ በእጅ እንዴት እንደሚታለብ አሳየቻት። መጀመሪያ የወጣው እንገር የኩባያውን ግርጌ እንኳ በቅጡ አልሸፈነም፤ ባለቤቴ አፍራ ልትደፋው ስትል ነርሷ እጇን ይዛ ከለከለቻትና «ይህ የመጀመሪያ ክትባቷ ነው» አለቻት። ያ ጠብታ በሲሪንጅ ተቀድቶ ተሰጣት።

አሰጣጡም የራሱ ሥርዓት አለው። የሲሪንጁ መግፊያ ይወጣል፤ ባዶው ሲሪንጅ ከቱቦው ጋር ይገጠማል፤ ወተቱ ይጨመርበትና ሲሪንጁ ከሕፃኗ ሆድ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ ከዚያ ወተቱ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል። ማንም አይገፋውም። በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ሆዷ ካልተነፋና ካልመለሰች በማግሥቱ በመጠኑ ይጨመርላታል። ይህን ሥራ እናቶቹ እንዲሠሩት መደረጉ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ነገር ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም እናቶች በየልጆቻቸው አጠገብ ቆመው ሲሪንጅ ከፍ አድርገው ሲይዙ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሲፓፑ ውኃ ድምፅ ብቻ ነበር።

እናቶቹ የሚያርፉበት ቦታ ግን ከዚህ ሥራ ጋር አይመጣጠንም። የእናቶች ማረፊያው ክፍል ከጽኑ ሕክምናው ርቆ፣ በደረጃ የሚወጣ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት በየሦስት ሰዓቱ ደረጃ እየወጣችና እየወረደች ወተት እንድታመጣ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። አልጋ ያላገኙ እናቶች ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ያድሩ ነበር። ከቤት የሚመጣው አጥሚትና ገንፎ ባይኖር ኖሮ፣ ከሩቅ ወረዳ የመጡትና ስንቅ የሚያቀብላቸው ዘመድ ከተማ ውስጥ የሌላቸው እናቶች በምን ወተት ያግቱ እንደነበር አላውቅም። በዚህ ረገድ የጎንደር ሰው ሊመሰገን ይገባል፤ ከአዘዞም ከማራኪም ምግብ የሚያመላልሱት አስታማሚዎች ለራሳቸው ሰው ብቻ አልነበረም የሚያመጡት።

ኢንፌክሽንን ለመከላከል የሚደረገው ጥረት ጥሩም ጎደሎም ገጽታ አለው። መግቢያው ላይ መታጠቢያ አለ፤ ቀለበትና ሰዓት ሳያወልቅ፣ እጁን እስከ ክርኑ ሳይታጠብ ማንም አይገባም፤ ሐኪምም ቢሆን። ነገር ግን ሕፃናቱ ሲበዙ አንድ ማሞቂያ አልጋ ላይ ሁለት ልጆች ይተኛሉ፤ እንዲህ ሲሆን የታጠበ እጅ ብቻውን የሚያደርገው ነገር ውስን ነው። ውኃ በተቋረጠ ጊዜም በበርሜል የተቀመጠው ብቻ ነበር የሚሠራው። እዚህ ላይ የምለው ለበላይ አስተዳደሩ ነው፤ ነርሶቹ የሌለ አልጋና የሌለ ውኃ ሊፈጥሩ አይችሉም።

በመካከሉ ብዙ ሕፃናት የሚያልፉበት ነገር ሁሉ አገኛት። ቆዳዋ ቢጫ ሆነና ዐይኗ ተሸፍኖ ሰማያዊ ብርሃን ሥር ተኛች፤ ይህ ሳይዘገይ ከታከመ ብዙም አያሰጋም። የሚያስደነግጠው ትንፋሿን ስትረሳ ነበር። የአንጎሏ የመተንፈሻ ማዘዣ ገና ስላልበሰለ አንዳንዴ ከ20 ሰከንድ በላይ ሳትተነፍስ ትቆያለች፤ ያን ጊዜ ነርሷ ውስጥ እግሯን ቀስ ብላ ስትመታት ትንፋሿ ይመለሳል። ለዚህ የሚሰጠው ካፌይን የተባለው መድኃኒት በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ስላልነበረ ከውጭ ገዝቼ አመጣሁ፤ ያገኘሁትም ብዙ መድኃኒት ቤቶችን ከዞርኩ በኋላ ነው። ቀናቸው ሳይሞላ ለሚወለዱ ሕፃናት ይህን ያህል መሠረታዊ የሆነ መድኃኒት በጽኑ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ መኖር አለበት።

የሆስፒታሉ ምርጥ አገልግሎት ብዬ የማስቀምጠው የካንጋሮ እንክብካቤ ክፍሉን ነው። ዘዴው በኮሎምቢያ ቦጎታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1978 በዶክተር ኤድጋር ሬይ የተጀመረ ሲሆን፣ መነሻውም የማሞቂያ እጥረትና የኢንፌክሽን መብዛት ነበር፤ ማለትም ዛሬ የእኛ ሆስፒታሎች ያሉበት ችግር። ሕፃኑ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ እግሩ እንደ ታጠፈ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ ይታሰራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ይህ እንክብካቤ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ ቶሎ እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲቆይ አሳስቧል። ለምክሩ መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደው ሲሆን፣ ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሕፃናት ወዲያው ከእናታቸው ገላ ጋር ሲሆኑ የሚሞቱት ቁጥር በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

በእኛ ሆስፒታል የካንጋሮ ክፍሉ የሚቀበለው ከኦክስጅን የወጡ ሕፃናትን ብቻ ነው። ልጃችንም ሲፓፑ እስኪነሣላት ድረስ ከእናቷ ገላ ርቃ ቆይታለች፤ ይህ አሠራር ሊታሰብበት ይገባል። ከገባን በኋላ ግን ያየነው ሁሉ ያስደስታል። ማሰሪያው ከውጭ የመጣ ዕቃ አልነበረም፤ ነርሷ የባለቤቴን ነጠላ አራት ቦታ አጥፋ፣ የላይኛውን ጠርዝ ከሕፃኗ ጆሮ ሥር አድርጋ፣ የታችኛውን ከወገብ በላይ ሸብ አደረገችው። «አገጯ ደረቷ ላይ እንዳይወድቅ፤ አንገቷ ከታጠፈ ትንፋሽ ያጥራታል» እያለች ለእያንዳንዷ እናት በተራ ታሳያለች። እጇን ነጠላው ውስጥ ከትታ የሕፃኗን እግር ትዳስሳለች፤ እግሯ ከቀዘቀዘ ማሰሪያው ልል ሆኗል ማለት ነው።

ባለቤቴ ስትደክም እኔ ተተካሁ። በአካባቢያችን አባት አራስ ልጅ አቅፎ መታየቱ ብዙም የተለመደ ባለመሆኑ፣ አንዳንድ አስታማሚዎች ገርሟቸው አይተውኛል፤ ነርሶቹ ግን ሸሚዝ ፊቱ የሚከፈት እንድለብስ ነግረውኝ፣ የጀርባ መደገፊያ ያለው ወንበር አመጡልኝ። ደረቴ ላይ ተኝታ እያለች የመለኪያው ቁጥር ሳይዋዥቅ ሲቆይ ከነርሷ ጋር አብረን አየን። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሁለት አባቶች ጠይቀው ገቡ። ጠዋት ጠዋት በሚዛኑ ዙሪያ የሚሰበሰቡት ወላጆች የእያንዳንዱን ልጅ ቁጥር በቃላቸው ይዘውት ነበር። ቀናቸው ሳይሞላ የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ሳምንት ከክብደታቸው እስከ አሥር በመቶና ከዚያም በላይ እንደሚቀንሱ ቀድሞ ስለተነገረን የኛ ልጅ ወደ 1,290 ግራም ስትወርድ አልተሸበርንም፤ ይህ ባልተነገራቸው ቤተሰቦች ላይ ያየሁት ድንጋጤ ግን ቀላል አልነበረም።

አንድ ጉዳይ አለ፣ ስለ እርሱ ዝም ማለት የማይገባኝ። ከልጃችን አጠገብ የነበረ ሕፃን ሌሊት ላይ አረፈ። ሐኪሟ እንባዋን እየጠረገች እስከ መጨረሻው ታገለች፤ በሥራዋ ላይ ምንም ቃል የለኝም። መርዶው ለእናትየው የተነገራት ግን ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ ነበር፤ ቀጥሎም ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን በሚያጠቡበት ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው ያደረችው። አንድ በር ያለው ትንሽ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ የምታቅፍበት ጊዜ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ክርስትና ሳይነሣ እንዳያርፍባቸው የሰጉ ቤተሰቦች ካህን ለማስገባት ሲጠይቁ ነርሶቹ እጅ አስታጥበው፣ ጋውን አልብሰው መፍቀዳቸው ግን የሚመሰገን ሰብአዊነት ነው።

ስለ ወጪ አጭር ነገር ልበል። የወሊድ አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ አልጋና ክትትልም አላስከፈለንም፤ ወጪ ያስወጣን ከውጭ የተገዛው መድኃኒት፣ ዳይፐርና የአስታማሚ ምግብ ነው። የጤና መድን ያላቸው ሰዎች መታወቂያቸውን ከመጀመሪያው ቀን ይዘው ቢመጡ ከካርድ ክፍል ምልልስ ይድናሉ።

ወደዚህ ክፍል የሚገቡ ወላጆች ቢያዘጋጁ የምመክረው ሁለት ነጠላ፣ ሁለት ትናንሽ የጥጥ ኮፍያ፣ የእግር ሹራብ፣ ክዳን ያለው ንጹሕ ኩባያና ለእናቲቱ ፊቱ የሚከፈት ቀሚስ ነው። ቅቤ ማስዋጥ፣ ውኃ በስኳር መስጠት፣ እንገር ማፍሰስ ቀኑ ላልሞላ ልጅ እጅግ አደገኛ ስለሆነ፣ ለአያቶችና ለጎረቤት አስቀድሞ በአክብሮት ማስረዳት ያስፈልጋል።

ስንወጣ የተሰጠን ምክር የተሟላ ነበር፤ በቤትም ቆዳ ለቆዳ ማቀፉን እንድንቀጥል፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ከቀዘቀዘች ወይም መጥባት ካቆመች ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንመለስ ተነግሮናል። የጎደለው የዐይን ምርመራው ነው። ከ1,500 ግራም በታች የተወለዱና ኦክስጅን የወሰዱ ሕፃናት በተወለዱ በአራተኛው ሳምንት አካባቢ የዐይናቸው የውስጥ ክፍል በዐይን ሐኪም መታየት አለበት፤ ጉዳቱ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል፣ ካለፈ ግን ብርሃን ያሳጣል። በእኛ የመውጫ ወረቀት ላይ ይህ ቀጠሮ አልተጻፈም ነበር፤ ጠይቀን አስጻፍን፤ ምርመራውም ተደርጎላት ዐይኗ ጤነኛ መሆኑ ተነገረን። ሌሎች ወላጆችም ወረቀቱን ተቀብለው ከበሩ ከመውጣታቸው በፊት የዐይን ምርመራው ቀን መጻፉን ይመልከቱ፤ ካልተጻፈ እዚያው ያስጽፉ።